ዶሮ ሲያድርበት የኖረን ጀልባ ወደ ጣና መመለስ

ጀልባውን ያገኘሁት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ግቢ ጥግ ላይ ነው። ቀና ብሎ ተቀምጧል። መቀመጫው ላይ ዶሮዎች ያድራሉ፤ ወለሉ ላይ የክረምቱ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። አምስት ሜትር ከአርባ የሚሆን የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። ከኋላው 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ያማሃ ሞተር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ «ሞተሩ ይነሳል» አለኝ። ሻጭ ሁሉ እንዲህ ይላል።

ከመግዛቴ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። እኔ ቀለሙን ሳይ እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። «ልጄ፣ ጀልባ የሚሞተው በቂጡ ነው። መጀመሪያ ቂጡን እየው» አሉኝ። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ሰባት ወር ከሠራሁ በኋላ ግን ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ዋጋ በየወሩ ስለሚቀያየር በብር አልጽፍም፤ በድርሻ ልንገራችሁ። ካወጣሁት ገንዘብ ሲሶው ጀልባውንና አሮጌውን ሞተር ለመግዛት ሄደ። ሲሶው ለሬዚን (ፋይበሩን አጣብቆ የሚያጠነክረው ፈሳሽ)፣ ለፋይበርና ለኮምፔርሳቶ። የቀረው ለሞተር መለዋወጫና ለጥቃቅን ነገር። ቀለም ከሁሉም ያነሰ ነው የወሰደው። ብዙ ሰው ከቀለም ስለሚጀምር በክረምቱ ማግስት የተላጠ ቆንጆ ጀልባ ይዞ ይቀራል።

ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ትንሽ መዶሻና አንድ ባልዲ ያዙ።

የኋላውን ግድግዳ፣ ማለትም ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን፣ በካቻቢቴው እጀታ አንኳኩ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጤነኛ ከሆነ «ቋ ቋ» ይላል። ውስጡ ያለው እንጨት ከበሰበሰ «ዱብ ዱብ» ይላል፤ የታመቀ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን ከታችኛው ጫፉ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ዓይናችሁ ግድግዳው ላይ ይሁን። ግድግዳው አብሮ ከተነፈሰ እንጨቱ አልቋል። የኔው ተነፈሰ። ዋጋውን ግማሽ ያወረድኩትም በዚህ ነው።

ወለሉ ላይ ጫማችሁን አውልቃችሁ ተራመዱ። እግር ከዓይን ይልቅ ልስላሴ ያውቃል።

የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ጀልባውን ውሃ ላይ ማውጣት አያስፈልግም። በተቃራኒው ውሃውን ጀልባው ውስጥ ጨምሩ። በጎማ ወይም በእንጨት በደንብ ደግፋችሁ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉት። ከዚያ በላይ አይሁን፣ ክብደቱ ጀልባውን ይጎዳል። ውጭው ደረቅ ስለሆነ ጠብታዋ የምትወጣበት ቦታ ወዲያው ይታያል። በቾክ አክብቡት።

የብረት ጀልባ ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። ላሜራውን በመዶሻ አንኳኩና የሳሳውን ፈልጉ፤ መፍትሔው ቆርጦ ማውጣትና ብየዳ ነው። ጣና ጨው ስለሌለው ብረት እንደ ባሕር አይበላም። ስለዚህ አሮጌ የብረት ጀልባ አይናቅም። እኔ ግን ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ፋይበር ብቻ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ። መለኪያውን መካኒክ ያከራያችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ 120 ፒኤስአይ ቢል እዚህ መቶ ገደማ ብታነቡ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ዋናው የሁለቱ ሲሊንደር መቀራረብ ነው። ልዩነቱ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት በመቶ ካለፈ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ወይም ሲሊንደሩ ችግር አለበት።

ሁለተኛው የካምቢዮው ዘይት ነው። ከታች ያለችውን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ነው የሚጠራቀመው፤ ስለዚህ ከገባ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ መዝጊያ ጎማዎቹ አልቀዋል። መግዛት አትግዙ አልልም፤ ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ወቅቱን ማወቅ

ሬዚን እርጥብ ነገር ላይ አይዝም። ስለዚህ ሥራው ዝናቡ ቆሞ እስኪመለስ ባሉት ወራት ማለቅ አለበት፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት። ሰኔ ገብቶ ሥራ ያልጨረሰ ሰው እስከ መስከረም ቁጭ ነው።

ከአራት የባሕር ዛፍ አጣናና ከቆርቆሮ ጥላ ሥሩ። ለእናንተ ሳይሆን ለሬዚኑ ነው። መጋቢት ላይ ቀትር ፀሐይ የነካው ፋይበር ብሩሽ ሳታነሱ ይደርቃል።

ጀልባውን ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ በአሮጌ ጎማና በእንጨት ደግፉና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ተጣምሞ የተቀመጠ ጀልባ ተጣምሞ ይጠገናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ላይ ወደ አንድ ጎን እየሳበ ያስቸግራችኋል። በተመሳሳይ ምክንያት ወለሉንና ከሥሩ ያሉትን ወራጆች በአንድ ጊዜ አታንሱ። ቅርፁን የያዙት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ማድረቅ። ከኋላው ግድግዳ ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ የሚዘጋውን ቡሽ አውጡ፣ የበሰበሰውን ወለል ክፈቱ፣ አየር ይግባበት። ደረቀ ወይስ አልደረቀም የሚለውን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ አካሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ገና ነው። የኔው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሰዎች «ምን እየጠበቅክ ነው?» ይሉኝ ነበር። ጤዛውን እየጠበቅሁ ነበር።

ቂጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ትዕግሥታችሁንና ገንዘባችሁን እዚህ አፍስሱ።

ሞተሩን አውርዱ። ሃምሳ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለሁለት ነው የሚነሳው። የኋላው ግድግዳ በሁለት የፋይበር ቆዳ መካከል የተያዘ እንጨት ነው። የውጭውን ቆዳ አትንኩት፤ ቅርፅ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። የውስጡን ቆዳ ከዳር አምስት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በግራይንደር ዙሪያውን ቁረጡና ገንጥሉት። የኔው ሲገነጠል የወጣው ሽታ የከረመ የጠላ አተላ ነበር። እንጨቱ በእጄ ተፈርፍሮ እንደ እርጥብ ትምባሆ ወጣ። የቀረውን በመሮ ጠርቡት፤ ንጹሕ ፋይበር እስክታገኙ። የሚጣለውን የእንጨት ውፍረት ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የኔው 36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ማለት ነው።

ኮምፔርሳቶ ስትገዙ ሻጩ «ውሃ አይገባውም» ቢላችሁ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምኑትና ቤት ወስዳችሁ ቀቅሏት። አዎ፣ ቀቅሏት። ሁለት ሰዓት ይፍላ። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ሙጫው የቤት ዕቃ ሙጫ ነው። ሦስተኛው ሙከራዬ ላይ ነው የማይላቀቅ ያገኘሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያንን ድስት ለሽሮ አልመለሰችውም።

ከካርቶን ልኬት አውጡ። በልኬቱ ሁለቱን ኮምፔርሳቶ ቁረጡ። ጠርዙን በተለይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሬዚን አጠጡት፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከጠርዙ ነው።

አሁን ስለ ሬዚኑ። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

በርካሽ የሚገኘው ፖሊስተር ሬዚን ነው። ከማድረቂያ ፈሳሽ ጋር ይመጣል። ልኩ ለ100 ሚሊ ሊትር ሬዚን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ማድረቂያ ነው። በመርፌ ሲሪንጅ ለኩት፤ በዓይን አይሆንም። ጠዋት ብርድ እያለ ወደ 2 ጠጋ በሉ፣ ቀትር ላይ ወደ 1። ከ1 በታች ካወረዳችሁት ለዘላለም እንደተጣበቀ ይቀራል። በአንዴ ከግማሽ ሊትር በላይ አታዋሕዱ። እኔ «ጊዜ ልቆጥብ» ብዬ አንድ ሊትር በላስቲክ ጆግ ውስጥ አዋሐድኩ። ሰባት ደቂቃ አልሞላም፣ ጆጉ መሞቅ ጀመረ። ከዚያ ጨሰ። ሜዳ ላይ ወርውሬው ስመለስ ጆጉ ቅርፁን አጥቶ፣ ሬዚኑ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ሬዚን ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ብዛቱ ባንድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኼው ነው፣ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልቀረኝም።

አንዳንዴ ሬዚኑ ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ሳይገባበት ለብቻው ይሸጣል። ከቻላችሁ አስቀድሞ የገባበትን ግዙ። ካልቻላችሁ ኮባልቱን መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ አማስሉ፣ ከዚያ ማድረቂያውን። ሁለቱን ለብቻቸው በፍጹም አታገናኙ፤ ሊፈነዱ ይችላሉ። ማድረቂያው ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር አድርጉ። አጠገባችሁ ቡና የሚያፈላ ሰው ካለ ከሰሉን ይዞ ራቅ ይበል። ለማጽጃ የምንጠቀምበት አሴቶን ከእሳት ጋር አይጫወትም።

ቃጫው ተበታትኖ የተነጠፈው ፋይበር፣ ማት የሚባለው፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ለዚህ ሥራ ይበቃል። አንድ ኪሎ ማት ሁለት ኪሎና ከዚያ ትንሽ በላይ ሬዚን ይጠጣል። ስትገዙ በዚህ አስሉ። ጠርዙን በመቀስ ከመቁረጥ በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፣ የተቆረጠ ግን ደረጃ ሆኖ ይቀራል።

እንጨቱን ለመለጠፍ የውጭውን ቆዳ ከውስጥ በኩል በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና በአሴቶን አጽዱ። ሬዚን ቀቡ፤ አንድ እርጥብ ማት ለጥፉ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ኮምፔርሳቶ። እንደገና ሬዚንና ማት፤ ሁለተኛውን ኮምፔርሳቶ። ሞተሩ በሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ረጅም ብሎን አሳልፉና በውጭም በውስጥም ወፍራም አጣና አድርጋችሁ በዳዶ አጥብቁ። ሞርሳ መግዛት አያስፈልግም። ሬዚን ከዳር ዳሩ ዙሪያውን ከተንጠባጠበ መሐሉ ላይ ባዶ የለም ማለት ነው።

በማግስቱ አጣናዎቹን አንሱ። ግድግዳው ከጎኖቹና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በወፍራም ሬዚን ሙሉት። በማንኪያ ጀርባ ጎበጥ አድርጉት። ማት ቀጥ ባለ ማዕዘን አይታጠፍም፤ ያፈነግጥና ከሥሩ አየር ይቀራል። ከዚያ ከአራት እስከ አምስት ንጣፍ ማት ደርቡ። የመጀመሪያው ትንሽ፣ ቀጣዩ ከሱ ሰፋ ያለ፣ የመጨረሻው ጎኖቹ ላይ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ይሁን። ብሩሹን እንደ ቀለም አትጎትቱት። ንኩት፣ ነካ ነካ አድርጉት። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ሬዚን አልደረሰውም።

አየሩን የሚያስወጣው የብረት ሮለር ውድ ነው። እኔ በአንድ ረጅም ብሎን ላይ ትልቅና ትንሽ ሮንዴላ እያፈራረቅሁ ሰካሁና የሽቦ እጀታ አደረግሁለት። ሥራውን ሠርቷል።

የመጨረሻው ንጣፍ ላዩ ሁልጊዜ ያጣብቃል። አየር እንዳይነካው ስስ ላስቲክ አልብሱት፤ ሲደርቅ ይላጣል።

አንድ ነገር ቀረ፣ ከሁሉም የሚረሳው። ለሞተሩ ብሎን ስትበሱ ለባለ 10 ሚሊው ብሎን 14 ሚሊ ብሱ። ቀዳዳውን በአንዱ በኩል በፕላስተር ዘግታችሁ በወፍራም ሬዚን ሙሉት። ሲደርቅ መሐሉን በ10 ሚሊ እንደገና ብሱ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በሬዚን ቱቦ ውስጥ ነው፤ እንጨቱን አይነካም። የቀድሞው ግድግዳ የበሰበሰው ውሃ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ገብቶ ነው።

መገልበጥ

ጀልባውን ለመገልበጥ ክሬን አትከራዩ። ደቦ ጥሩ። እኔ አሥራ ሁለት ጎረምሳ ጠራሁ። ባንዱ ጎን የጎማ ክምር አዘጋጀን፤ ስድስቱ ገፉ፣ ስድስቱ ተቀበሉ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጠላው ግን ከሥራው በኋላ ይሁን። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሆዱን እጠቡና በቾክ ያከበባችሁትን ፈልጉ። እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ሆኖ ላዩ ላይ ብቻ ያለ ስንጥቅ አያስደነግጥም። ውስጥ ድረስ የዘለቀውን ግን በስቱኮ መድፈን ራስን ማታለል ነው። ዙሪያውን በግራይንደር አሳስታችሁ እንደ ድስት ክዳን ዝቅ አድርጉት። ስፋቱ የውፍረቱን አሥራ ሁለት እጥፍ ይሁን። ቆዳው አምስት ሚሊ ከሆነ ከቀዳዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው ስድስት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከውስጥ በኩል በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ደግፉና ከውጭ ማቱን ደርቡ።

ለላዩ ማስተካከያ የመኪና ስቱኮ ይሆናል፣ ግን ውሃ ይመጥጣል። ከላዩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሬዚን ወይም ጥሩ ቀለም ይልበስ።

የፋይበር ዱቄት ያሳክካል። ሙሉ እጅጌ ልበሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን በጥሩ ማስክ ሸፍኑ፣ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ሙቅ ውሃ የገላን ቀዳዳ ከፍቶ ያስገባዋል ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም ቀን አሳክኮኛል።

ቀለሙን እዚሁ ላይ እንጨርሰው። በ120 ከዚያም በ220 ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አጽዱ፣ ሁለት እጅ ቀቡ። ፈዘዝ ያለ ቀለም ምረጡ፤ ጥቁር ሰማያዊ ፀሐይ ላይ ምጣድ ነው። ስሙን ለመጻፍ ሠዓሊ አያስፈልግም።

ሞተሩ

የቆመ ሞተር ገመዱን ስትጎትቱ እንቢ ካለ አታስገድዱት። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አፍስሱና ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ።

ካርቡራተሩን አውርዱ። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ውስጡ ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። ፍቱትና በአሴቶን ዘፍዝፉት። ጎማና ፕላስቲክ ያለበትን ግን አስቀድማችሁ አውጡ። ቀዳዳዎቹን በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ባለች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አጽዱ። መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ጠጪ ይሆንባችኋል።

ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የጎማ ፋን ናት፤ ኢምፔለር ይሏታል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነው፤ ውሃውን የምታመጣው እሷ ናት። በየትኛውም አሮጌ ሞተር ላይ ሳትጠይቁ ቀይሯት። እኔ አዲሷን ካስገባሁ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ደስ ብሎኝ፣ ለጓደኛዬ ቪዲዮ ልላክ ብዬ ያለ ውሃ ግቢ ውስጥ አስነሳሁት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሆንም። አዲሷ ጎማ ተቃጥላ ጠርዟ ተጨማደደ። ሁለተኛ ገዛሁ። የፓምፕ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃ ነው፤ ሲደርቅ ራሱን ይበላል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የምታስነሱት በርሜል ውስጥ ነክራችሁ ነው። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ መሸፈን አለበት። ከተነሳ በኋላ ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ ውሃ እንደ ክር መውጣት ይጀምራል። ካልወጣ ወዲያው አጥፉ።

የካምቢዮውን ዘይት ስትቀይሩ ከላይ አታፍስሱ፤ አየር ይዘጋዋል። ሁለቱንም ብሎኖች አውጡና ባለ 90 ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ እየገፋችሁ አስገቡ። ከላይኛው ቀዳዳ ሲፈስስ መጀመሪያ የላይኛውን ዝጉ፣ ከዚያ በፍጥነት የታችኛውን። የብሎኖቹን ጓርኒሲዮን ቀይሩ። በጣም ትንሽ ነገር ናት፤ ካምቢዮ የምታበላሸው ግን እሷ ናት።

ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ፋሻ ወይም ፒስተን ከተቀየረ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት 800 ሚሊ ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት አይደለም፤ ለጀልባ ቱ ስትሮክ ተብሎ የተሠራውን ነው። መለዋወጫ ባሕር ዳር ካጣችሁ መርካቶ ሰው ላኩ፤ አሮጌውን ዕቃ ግን አብራችሁ ላኩ። በስልክ የተገለጸ ዕቃ ተሳስቶ ይመጣል።

ከፍታው እዚህም ይከተላችኋል። በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ያጣል። ባሕር ዳር ላይ 25 የተባለው ሞተር የሚሠራው እንደ 20 ወይም 21 ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። የካርቡራተሩን ዋና ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ ከታፈነ ደግሞ ጥምዝ አነስ ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል ማለት ነው። «ሞተሩ ደክሟል» ብላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ወደ ውሃው

ሞተሩን ስትሰቅሉ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይቆርጣል፤ በጣም ዝቅ ካለ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል።

የምታወጡት ጠዋት ይሁን። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ፍጡር ይሆናል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትም ይህን ስለሚያውቁ በማለዳ ነው የሚወጡት። ዳር ዳሩን ብቻ ሂዱ። ሰው ሳይሆን ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች ጫኑ፤ ቢሰምጡ አያለቅሱም። መቅዘፊያ፣ መቅጃና የሕይወት ጃኬት ሳይዙ መሄድ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ ደቦ የወጡትን ልጆች ሰብስቤ፣ ጀልባውን ገፋን። ተሳፈርኩ። ሞተሩ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ሁሉም ጮኸ። እግሬ ቀዘቀዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ውሃ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። ስድስት ሳምንት ላደርቀው ያወጣሁትን ቡሽ አልመለስኩትም ነበር። ቡሹ ኪሴ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ዳር ቆመው ነበር። «ቂጡን አላልኩህም?» አሉኝ። አሁን ቡሹ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በሲባጎ ታስሯል፤ ቁልፉን ሳነሳ እሱም ይመጣል።

ለአንድ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ቆሙና ወለሉን ክፈቱ። ስፖንጅ የሚያነሳው ያህል ውሃ ካለ ደህና ነው። መቅጃ የሚፈልግ ከሆነ ተመለሱ። የኋላውን ግድግዳ ብሎኖችም እንደገና አጥብቁ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላሉ።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ሲል መስከረም ላይ የማይታዩ ድንጋዮች ከሥር ይቀርባሉ። ደብረ ማርያም ደርሳችሁ ስትመለሱም ሆነ ወደ ዘጌ ስትሄዱ መውጫና መግቢያ ላይ ጋዙን ቀንሱ። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭም አለ። በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ቢሆንም ነፋስ የትም ያደርሰዋል። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የሞተሩን ውሃ መሳቢያ ይደፍናል። ከጎን የምትወጣዋ የውሃ ክር ከቀጠነች ሞተሩን አጥፉ፣ አንሱትና በእጅ አጽዱ። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፤ አባይ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ።

ሰው ለመጫን ካሰባችሁ ምዝገባና ፍተሻ አለው። ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ «ይህ መቀየር አለበት» ውድ ነው።

ስታቆሙት መጀመሪያ ሞተሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን እስኪጨርስ አስነሱት፤ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ውሃውን አስወጡ። ጀልባውን ገልብጡት። መገልበጥ ካልቻላችሁ አፍንጫውን ከፍ፣ ቡሹን አውጡ፣ ሸራ አልብሱት፣ ከሸራውም ሥር አየር ይግባ። የኔ ዶሮዎች አሁን የራሳቸው ቆጥ አላቸው።